የ11 ዓመት የቤዝቦል ፒቸር፦ ሲደክመው ክርኑ ይወርዳል፤ እንዴት ላስተምረው?

የልጁ አባት

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ በቀኝ እጁ የሚወረውር የቤዝቦል ፒቸር (ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች) ሲሆን የሚወረውረውም ከ14 ሜትር (46 ጫማ) ርቀት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኢኒንጎች (የጨዋታው ዙሮች) ውርወራው ያማረ ነው፤ ካቸሩ፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ተቀምጦ ኳሱን የሚይዘው ተጫዋች፣ ጓንቱን ብዙም ሳያንቀሳቅስ ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ ግን ክርኑ ቀስ በቀስ ከትከሻው በታች እየወረደ ይሄዳል፤ ኳሱም ከፍ እያለ በራሱ በልጁ ቀኝ በኩል ይወጣል። አሠልጣኙ ከሜዳው ዳር ሆኖ «ክርን ወደ ላይ!» እያለ ይጮኽለታል፤ ልጁም ለማንሳት ሲሞክር መላ ሰውነቱ ይገታል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል።

ከሜዳ ስንወጣ ክርኑን ከውስጥ በኩል እየዳሰሰ «ደክሞኛል» ይለኛል። አሞህ እንደሆነ ንገረኝ ስለው ግን አላመመኝም ይላል። በዚህ ላይ የቡድን ጓደኞቹ ከርቭቦል (እየተሽከረከረ የሚታጠፍ ኳስ) መወርወር ስለጀመሩ እሱም እንዲማር እየወተወተኝ ነው።

እኔ ራሴ ቤዝቦል ተጫውቼ አላውቅም። ስለዚህ ክርኑን ከፍ አድርጎ መወርወርን በምን መንገድ እንደሚማር፣ በየቀኑ መወርወር ክንዱን ያጠነክረው እንደሆነ፣ ከርቭቦሉንም ልፍቀድለት ወይስ ልከልክለው እንደሚገባ የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በመጀመሪያ ልጁን በስልክዎ እንዲቀርጹት እለምንዎታለሁ። አንዱን ቅጂ ደረቱ በሚታይበት በኩል ከጎን፣ ሌላውን ከካቸሩ ጀርባ ሆነው ይውሰዱ፤ ሁለቱንም ስልኩ ፍጥነትን በሚያዘገይበት መንገድ ይቅረጹ። ሳይደክመው የወረወረውንና ከደከመው በኋላ የወረወረውን ጎን ለጎን ማየት ይኖርብናል። ይህን የምለው የክርን መውረድ አብዛኛውን ጊዜ ከክርኑ የሚነሳ ችግር ስላልሆነ ነው።

ውርወራ ከመሬት ይጀምራል። የኋላው እግር ሰውነቱን ወደ ፊት ይገፋል፤ የፊተኛው እግር መሬት ረግጦ ያንን ጉዞ ይገታል፤ ከዚያ ዳሌው ይዞራል፣ ደረቱ ዳሌውን ተከትሎ ይዞራል፣ ክንዱ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ጅራፍ ሲጮህ ጫፉ ያን ያህል የሚፈጥነው የያዘው እጅ በትክክለኛው ጊዜ ስለሚቆም ነው፤ የፒቸርም እጅ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከበታቹ ያሉት ክፍሎች ተራ በተራ ዞረው፣ ተራ በተራ ስለሚገቱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከመጣ ክንዱ ያልደረሰውን ጉልበት ከራሱ ለማውጣት ይገደዳል፤ የሚጎዳውም ያን ጊዜ ነው።

ለአሠልጣኝ ከሁሉ የምትበልጠው ቅጽበት የፊት እግር መሬት የሚነካባት ናት። ቪዲዮውን እዚያ ላይ ያቁሙትና ይመልከቱ። እርምጃው ከቁመቱ 80 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በለጥ ያለ ሊሆን ይገባል፤ መርገጫው ወደ ሆም ፕሌቱ (መቺው አጠገቡ ወደሚቆምበት የመሬት ምልክት) ያቀና፣ ጣቶቹም በጥቂቱ ወደ ውስጥ የዞሩ፣ ጉልበቱ በመጠኑ የታጠፈ ይሁን። ደረቱ ገና ወደ ጎን እያየ መሆን አለበት፤ ለቀኝ እጅ ወርዋሪ ይህ ማለት ወደ ሦስተኛው ቤዝ ነው፤ ሯጮች ከሚረግጧቸው ጣቢያዎች (ቤዞች) ወደ መቺው ለሚያይ ፒቸር በቀኙ ያለው ማለት ነው። ክርኑ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል በሚዘረጋው መስመር ላይ ወይም ለዚያ በጣም የቀረበ፣ ኳሱን የያዘው እጅም ወደ ላይ የወጣ ሊሆን ይገባል። እጁ በዚያች ቅጽበት ገና ጭኑ አጠገብ ከሆነ ክንዱ ዘግይቷል ማለት ነው። የዘገየ ክንድ ደግሞ ደረቱ ሲዞር ከኋላ ይጎተታል፤ የሚጎተት ክንድ ክርኑ ይወርዳል።

«ክርን ወደ ላይ» የሚለው ትእዛዝ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ትእዛዙን ሲሰማ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሸበሽባል፤ ክርኑ ይነሳል፣ የመዘግየቱ ነገር ግን እንዳለ ይቀራል። አሠልጣኙን አልወቅስም፤ የሚያየው ክርኑን ስለሆነ ስለ ክርኑ ይናገራል።

ይህን ሁሉ በዚህ ዕድሜ ማስተማር ይቻላል ወይ ለሚል ሰው፣ በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ከታዳጊ እስከ ፕሮፌሽናል ድረስ ያሉ 231 ፒቸሮችን አወዳድሮ በሰውነታቸው አቀማመጥ ረገድ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ መሆኑን አሳይቷል። በጉልህ የሚለያዩት በኃይልና በፍጥነት ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን ቅርጽ ለማስተማር ልጁ እስኪያድግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጉልበቱ እስኪመጣ ግን መጠበቅ የግድ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔን ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ክርኑን ከውስጥ በኩል ይዳስሳል ብለዋል። ልጆች አመመኝ ካሉ ፒቸር ቆሞ ከሚወረውርበት የአፈር ጉብታ እንደሚወርዱ ስለሚያውቁ ሕመማቸውን ድካም ብለው መናገር ይቀናቸዋል። በዚህ ዕድሜ የክርን ውስጠኛ ጎን ለብቻው የሚደክምበት ምክንያት የለም። ጡንቻ ቢደክም ክንዱ በሙሉ ይዝላል እንጂ አንዲት ቦታ ላይ አይጠቆምም።

ምክንያቱን ላብራራ። ክንዱ ወደ ኋላ ተለምጦ ወደ ፊት መፍጠን ሲጀምር የክርኑ ውስጠኛ ጎን በኃይል ይሳባል፣ የውጭው ጎን ደግሞ ይጨመቃል። በአዋቂ ፒቸሮች ላይ ይህ የመጠምዘዝ ኃይል 64 ኒውተን ሜትር ያህል ሆኖ ተለክቷል፤ በታዳጊዎች ላይ ደግሞ 28 ኒውተን ሜትር ገደማ። የታዳጊው ቁጥር ያነሰ ስለሆነ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሚሸከመው አካል አንድ አይደለም። በአዋቂ ላይ ይህን ኃይል የሚቋቋመው የክርኑ ውስጠኛ ጅማት ነው፤ ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ በ1974 ቶሚ ጆን በተባለው ፒቸር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካው ጅማት እሱ ነው። በልጅ ላይ ግን ጅማቱ የሚያያዝበት የአጥንት ጉብታ ገና አልተዋሐደም፤ በጉብታውና በዋናው አጥንት መካከል አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ነው። አዋቂ ላይ ጅማቱ ሲበጠስ ልጅ ላይ የሚሰነጠቀው ወይም የሚላቀቀው ይህ የማደጊያ ክፍል ነው፤ በወንዶች ልጆች ላይም 15 ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ ሳይዘጋ ሊቆይ ይችላል። በትከሻው ጫፍ ባለው የላይኛው የክንድ አጥንት ላይም ተመሳሳይ ጉዳት ይደርሳል።

ዛሬ ማታ ይህን ያድርጉ። ልጁ ሁለቱንም ክርኖቹን አጠፍ አድርጎ ይቀመጥ፤ እርስዎ በአውራ ጣትዎ በክርኑ ውስጠኛ በኩል የሚገኘውን ጎላ ያለ አጥንት በመጠኑ ይጫኑ። ቀኙን ከግራው ያወዳድሩ። ቀጥሎ ሁለቱንም ክንዶች እስከ መጨረሻው ይዘርጋቸው፤ ቀኙ እንደ ግራው የማይዘረጋ ከሆነ ይመዝግቡት። ከሁለቱ በአንዱ ልዩነት ካዩ ልጁ ለሐኪም እስኪታይ ድረስ አንድም ኳስ እንዳይወረውር። የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው ወደ ሜዳ እንዳይመልሱት፤ ማስታገሻው የሚያጠፋው ማስጠንቀቂያውን ነው።

የድሮ ተጫዋች

በአክብሮት ልለይ። እኛ ልጆች ሳለን ከጠዋት እስከ ማታ ስንወረውር እንውል ነበር፤ ቁጥር የሚቆጥርልን ሰውም ሆነ ቪዲዮ የሚቀርጸን አልነበረም፤ ክንዳችን ግን ጠነከረ። የዛሬ ልጆች ክንዳቸው የሚሰባበረው በቂ ስለማይወረውሩ ይመስለኛል። አጥንትም ጡንቻም በሥራ ይጠነክራል፤ ልጁን ከውርወራ ማራቅ ድክመቱን ያብሰዋል። ክርኑ የሚወርደውም ክንዱ ስላልጠነከረ ነው።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ

አንጋፋው ወንድማችን ያሉት ውስጥ ልንጥለው የማይገባ እውነት አለ። የማይወረውር ክንድ አይጠነክርም፤ ልጅ በጨዋታ መልክ በተለያየ ርቀትና በተለያየ አቅጣጫ መወርወሩም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የነበረው ውርወራና የዛሬው ውርወራ አንድ አይደሉም። ልጆች ለራሳቸው ሲጫወቱ ሲደክማቸው ያቆማሉ፣ ቦታ ይቀያየራሉ፣ በሙሉ ኃይላቸውም የሚወረውሩት አልፎ አልፎ ነው። ጉብታ ላይ የቆመ ልጅ ግን እያንዳንዷን ኳስ በሙሉ ኃይሉ ይወረውራል፤ ሰው ይመለከተዋል፣ ውጤት አለ፣ ከወላጆቹ መካከልም ፍጥነት መለኪያ ይዞ የቆመ አይጠፋም። የዛሬው ልጅ በተጨማሪ በሁለትና በሦስት ቡድን ዓመቱን ሙሉ ይጫወታል።

መረጃውም ይህን ይደግፋል። በ2006 የታተመ ጥናት የትከሻ ወይም የክርን ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ወጣት ፒቸሮች ካልተጎዱት ጋር አወዳድሮ፣ ክንዳቸው ደክሞ እያለ አዘውትረው የሚወረውሩት ለቀዶ ጥገና የመዳረግ ዕድላቸው 36 እጥፍ መሆኑን አግኝቷል። በዓመት ከ8 ወር በላይ የሚወዳደሩት 5 እጥፍ፣ በአንድ ጨዋታ ከ80 በላይ የሚወረውሩት ደግሞ 4 እጥፍ ነበሩ። በ2011 የታተመውና ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ፒቸሮችን ለ10 ዓመት የተከታተለው ጥናትም በዓመት ከ100 ኢኒንግ በላይ የወረወሩት ልጆች ለከባድ ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው 3.5 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ 36ቱን ደግመው ይመልከቱት። ከውርወራው ብዛት ይልቅ በድካም ላይ የተወረወረው ኳስ ይበልጥ ይጎዳል።

የታዳጊዎች ቤዝቦል ድርጅት የሆነው ሊትል ሊግ በ2007 በኢኒንግ መቁጠርን ትቶ ውርወራን ወደ መቁጠር የተሻገረው፣ የፕሮፌሽናሎቹ ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና የአሜሪካ ቤዝቦል አካል የሆነው ዩኤስኤ ቤዝቦልም በ2014 ፒች ስማርት የተባለውን መመሪያ ያወጡት ከእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ተነስተው ነው። በመመሪያው መሠረት ከ7 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ50 በላይ፣ ከ9 እስከ 10 ያለ ከ75 በላይ፣ ከ11 እስከ 12 ያለ ከ85 በላይ፣ 13 እና 14 የሞላው ደግሞ ከ95 በላይ አይወረውርም። ዕረፍቱም ተወስኗል፤ እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ከ21 እስከ 35 ከወረወረ 1 ቀን፣ ከ36 እስከ 50 ከወረወረ 2 ቀን፣ ከ51 እስከ 65 ከወረወረ 3 ቀን፣ 66ና ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ያርፋል።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። 85 ጣሪያ ነው እንጂ ግብ አይደለም። የእርስዎ ልጅ ቅርጹ የሚበላሸው በ40ኛው ውርወራ አካባቢ ከሆነ የእሱ ጣሪያ ያ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ገና 45 ቀርቶታል እያልን ጉብታው ላይ ልናቆየው አንችልም። ደግሞም ለማሟሟቂያ የሚወረወሩት ኳሶች በይፋዊው ቆጠራ ውስጥ አይገቡም፤ ክንዱ ግን እነሱንም ተሸክሟቸዋል።

የልጁ አባት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት ትናንት ማታ ክርኖቹን ተጫንኳቸው። ግራውን ስጫን ምንም አላለም። ቀኙን ስጫን ፊቱን አጨማደደና እጁን ሳበ። ዛሬ ሐኪም አየው፤ ሁለቱም ክርኖች በኤክስሬይ ተነሡ፤ በቀኙ በኩል ያ የማደጊያ ክፍል ከግራው ሰፋ ብሎ ታይቷል። አጥንቱ ከቦታው አልተላቀቀም። ሐኪሙ ለ6 ሳምንት ምንም ዓይነት ውርወራ እንዳይወረውር አዟል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ያየዋል።

ቪዲዮውንም ካለፈው ጨዋታ ላይ አግኝቼ አየሁት። ቀረጻው ከጎን ነው። የፊት እግሩ መሬት ስትነካ አቆምኩት። ኳሱን የያዘው እጅ ገና ወገቡ አጠገብ ነው፤ መዳፉ ወደ ሰማይ ያያል። ደረቱ ግን ወደ መቺው መዞር ጀምሯል። ጓንት ያለበት እጅ ወደ ታች ወርዶ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ከካቸሩ ጀርባ የተቀረጸችው አንዲት ውርወራም አለች፤ በእሷ ላይ የፊት እግሩ ወደ ሆም ፕሌቱ በሚወስደው መስመር ላይ አላረፈም፤ ወደ ግራው፣ ማለትም ወደ አንደኛው ቤዝ በኩል፣ አንድ የጫማ ርዝመት ያህል ወጥቷል። የሚገርመው በመጀመሪያው ኢኒንግም እግሩ የሚያርፈው እዚያው ነው። ያን ጊዜ ክርኑ አልወረደም።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ

በጥሩ ዓይን ነው ያዩት። ልጁን በጊዜ ወደ ሐኪም መውሰድዎም ትልቅ ነገር ነው።

የመጨረሻው አስተያየትዎ የጉዳዩ ቁልፍ ነው። ስህተቱ ከመጀመሪያው ኢኒንግ ጀምሮ ነበረ። እግሩ ወደ አንደኛው ቤዝ ወጥቶ ሲያርፍ ዳሌው በግድ ቀድሞ ይከፈታል፤ ዳሌው ሲከፈት ደረቱ ይከተለዋል፤ ክንዱ ግን ገና አልተዘጋጀም። ትኩስ እያለ ክንዱ በራሱ ጉልበት ፈጥኖ ይደርስበትና ክርኑ ቦታውን ይይዛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ክርኑ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። ሲደክመው መድረስ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ክርኑ ይወርዳል፣ ኳሱም ከእጁ ቀድሞ ስለሚለቀቅ ከፍ ብሎ በቀኙ ይወጣል። ስለዚህ ሲደክመው ያዩት ብልሽት በመጀመሪያውም ውርወራ ላይ ነበረ፤ ተሸፍኖ ነው እንጂ።

ማስተካከያው ሁለት ነው፤ በአንድ ጊዜ ግን አንዱን ብቻ ያስተምሩት። ልጅ በውርወራ መካከል ከአንድ በላይ ትእዛዝ መያዝ አይችልም።

እግሩን ያስቀድሙ። መሬት ላይ ከሚቆምበት ነጭ ጎማ መካከል እስከ ሆም ፕሌቱ የሚደርስ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ልጁ ያለ ኳስ ጉልበቱን ያነሳል፣ ሚዛኑን ሳይስት ለአፍታ ይቆያል፣ ከዚያ በዳሌው ጎን እየመራ ወደ ፊት ይራመዳል። እግሩ መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ በጥቂቱ ወደ ሦስተኛው ቤዝ በኩል ማረፍ አለበት። ሲያርፍ ሙሉ መርገጫው አንድ ላይ መሬት ይነካ፤ በተረከዝ ብቻ የሚያርፍ ልጅ ወደ ጎን ይሽከረከራል። እግሩን ወደ ጎን የሚጥለውም ብዙ ጊዜ ጉልበቱን ሲያነሳ ጀርባውን ወደ ኋላ ስለሚያንጋልል ነው፤ ያንን ከጎን ሆነው ያስተውሉ።

እግሩ ከተስተካከለ በኋላ እጆቹ የሚለያዩበትን ጊዜ ይመልከቱ። ኳሱ ከጓንቱ መውጣት ያለበት የተነሳው ጉልበት መውረድ ሲጀምር ነው። የእርስዎ ልጅ ጉልበቱ ከወረደ በኋላ ነው የሚያወጣው ብዬ እገምታለሁ፤ እጁ ወገቡ አጠገብ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሲያወጣም እጁ ከኳሱ በላይ ሆኖ፣ መዳፉ መሬት እያየ ይውጣ፤ ከዚያ ክንዱ ያለ ማስገደድ ወደ ላይ ይወጣል። «ጉልበትህ ሲወርድ እጅህ ይውጣ» ቢሉት ይበቃዋል። ስለ ክርኑ ምንም አይንገሩት።

የጓንቱ እጅም ችላ አይባል። ጓንቱ ወደ ጎን ሲወረወር ትከሻውን ይዞት ይሄዳል። ጓንቱ በደረቱ ፊት ቆይቶ ደረቱ ወደ እሱ እንዲመጣ ያድርግ። ኳሱን ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ክንዱን በድንገት አያቁመው፤ ክንዱ ከፊተኛው ጉልበት ውጭ እስኪያልፍ፣ ጀርባው እስኪጎነበስ፣ የኋላው እግርም ተነሥቶ ወደ ፊት እስኪመጣ ይቀጥል። ኳሱ ከወጣ በኋላ ክንዱን የሚያዘገዩት በትከሻው ጀርባ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ስለሆኑ ረጅም መንገድ ይፈልጋሉ።

የካቸሩ እናት

ይቅርታ፣ በዚሁ ጉዳይ ላይ እኔም ጥያቄ አለኝ። የእኔ ልጅ 10 ዓመቱ ነው፤ ፒቸር ሆኖ ይጀምርና ሲደክመው አሠልጣኙ «ክንድህን አሳርፍ» ብሎ ካቸር ያደርገዋል። ይህ ዕረፍት ነው ወይ? ከዚህም ሌላ እጁ ትንሽ ስለሆነ ኳሱን በሁለት ጣት መያዝ ይቸግረዋል። ከርቭቦልን በተመለከተም ለአባትየው እስካሁን መልስ የሰጠ የለም፤ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት

እህቴ፣ ይህ ዕረፍት አይደለም። ካቸር እያንዳንዷን ኳስ ወደ ፒቸሩ ይመልሳል፤ ቤዝ ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሊያልፍ፣ የሚሮጥ ተጫዋች ሲኖርም ከተቀመጠበት ተነሥቶ በሙሉ ኃይሉ ይወረውራል። በሊትል ሊግ ደንብ 41 ወይም ከዚያ በላይ ውርወራ የወረወረ ፒቸር በዚያው ቀን ካቸር ሆኖ እንዳይጫወት የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። በቡድናችሁ ይህ ደንብ ባይኖር እንኳ ይጠይቁ፤ አንደኛው ቤዝ ላይ ቢቆም እየተጫወተ ክንዱም ያርፋል።

ስለ ከርቭቦል ጥናቶቹ አንድ ነገር ብቻ አይናገሩም። ከ9 እስከ 14 ዓመት ባሉ ፒቸሮች ላይ ተደርጎ በ2002 የታተመ ጥናት ከርቭቦልን ከትከሻ ሕመም መጨመር፣ ስላይደርን (ፈጥኖ ወደ ጎን የሚታጠፍ ውርወራ) ደግሞ ከክርን ሕመም መጨመር ጋር አያይዟቸዋል። በቤተ ሙከራ የተለኩት ግን ከርቭቦል ክርኑ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከፋስትቦል (በሙሉ ፍጥነት ከሚወረወረው ተራ ውርወራ) እንደማይበልጥ አሳይተዋል። ስለዚህ ከርቭቦል በራሱ መርዝ ነው ማለት አልችልም። ሆኖም በቤተ ሙከራ ያሉት ወርዋሪዎች ቅርጻቸው የተስተካከለ ነው፤ ኳሱን ለማሽከርከር የእጅ አንጓውንና ክርኑን በግድ የሚጠመዝዝ የ11 ዓመት ልጅ የሚያደርገው ከእነሱ የተለየ ነው። የፋስትቦሉ እግርና ክንድ ገና ያልተገናኙለት ልጅ ላይ ሌላ ውርወራ መጨመር ጉዳት እንጂ ጥቅም አይታየኝም።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ

እኔ ፋስትቦሉን በፈለገበት ቦታ ማሳረፍ ለቻለ ልጅ የማስተምረው ሁለተኛ ውርወራ ቼንጅአፕ ነው፤ ፒች ስማርትም በዚህ ዕድሜ የሚያበረታታው እነዚህን ሁለቱን ነው። በቼንጅአፕ የሚለወጠው አያያዙ ብቻ ነው፤ ኳሱ ወደ መዳፉ ጠጋ ብሎ በሦስት ጣት ይያዛል፣ ክንዱ ግን ልክ እንደ ፋስትቦሉ በዚያው ፍጥነት ይመጣል። ኳሱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ መቺውም ቀድሞ ይመታል። ክንዱን ማዘግየት የጀመረ ልጅ ግን ሁለቱንም ውርወራዎች ያበላሻል።

ስለ ትንሽ እጅ አይጨነቁ እህቴ። ፋስትቦል በመደበኛነት የሚያዘው ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከስፌቱ ጋር አግድም ሆነው፣ አውራ ጣት ከሥር ሆኖ ነው። ሁለት ጣት የማይበቃው ልጅ የቀለበት ጣቱን ይጨምር፤ እጁ ሲያድግ ይተወዋል። አጥብቆ ብቻ እንዳይዘው ያስተምሩት፤ ጣቶቹ ሲጨብጡ አንጓው ይደርቃል፣ አንጓው ሲደርቅም ክርኑ ይገታል።

የድሮ ተጫዋች

የኤክስሬዩን ነገር ካነበብኩ በኋላ በእርስዎ ልጅ ላይ ዕረፍቱ የግድ መሆኑን እቀበላለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። 6 ሳምንት ያለ ውርወራ ከቆየ በኋላ በአንድ ቀን ወደ ጉብታው ቢመለስ የባሰ አይሆንም ወይ?

ፊዚዮቴራፒስት

በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ልጆች ለሁለተኛ ጊዜ የሚጎዱት እዚያ ላይ ነው። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ያም አጥንቱን ሲጫኑት የማያምና ክንዱ እንደ ግራው የሚዘረጋ ሲሆን ነው፣ ልጁ ከአጭር ርቀት፣ ከ9 ሜትር አካባቢ፣ በግማሽ ኃይሉ ጥቂት ኳሶችን በመወርወር ይጀምራል፤ ከዚያም በየሁለት ቀኑ ይወረውራል። መጀመሪያ የሚጨመረው የኳሱ ብዛት፣ ቀጥሎ ርቀቱ፣ ከዚያ ኃይሉ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቀን አይጨመሩም። ጉብታው የመጨረሻው ደረጃ ነው። በማንኛውም ደረጃ ላይ ሕመሙ ከተመለሰ ያንኑ ቀን ይቆምና ሕመሙ ሲጠፋ ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሳል፤ ደግሞ ከመጣ ሐኪሙ ይየው።

ከመወርወሩ በፊት ሮጦ፣ ዘሎ፣ እጆቹን አወዛውዞ ላብ ማለት አለበት። ሰውነቱ ሟሙቆ ይወርውር እንጂ ለመሟሟቅ አይወርውር። በዓመት ውስጥም ቢያንስ 4 ወር ከውርወራ የሚያርፍበት ጊዜ ይኑረው፤ ከእነዚህም 2 ወይም 3ቱ ተከታታይ ይሁኑ። በዚያ ጊዜ ሌላ ስፖርት ይጫወት።

የልጁ አባት

እጅግ አመሰግናለሁ። ልጁ 6 ሳምንት የሚለውን ሲሰማ አልቅሷል። እስከዚያ ድረስ ክንዱን ሳይነካ ሊሠራው የሚችለው ነገር ቢኖር ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

የታዳጊዎች አሠልጣኝ

አለ እንጂ። ስህተቱ እግሩ ላይ ስለሆነ ይህ ጊዜ የተመቸ ነው። ሐኪሙ እንቅስቃሴን በጠቅላላ ካልከለከለው በቀር በየዕለቱ ለጥቂት ደቂቃ መስመሩ ላይ ይሥራ። ሁለቱንም እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ጉልበቱን ያንሳ፣ ሚዛኑን ይጠብቅ፣ ይራመድ፣ ባረፈበትም ሳይንቀሳቀስ ይቁም። እግሩ የት እንዳረፈ ራሱ ጎንበስ ብሎ ይመልከት፤ እርስዎ አይንገሩት። እጆቹ ደረቱ ላይ ስለሆኑ ደረቱ ቀድሞ ሲዞርበት ወዲያው ይሰማዋል። በፎጣ የሚደረገው የውርወራ ልምምድ ግን ይቆይ፤ ኳስ ባይኖርም ክንዱ ያንኑ እንቅስቃሴ ያደርጋል። በተጨማሪ በአንድ እግር ቆሞ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ወደ ጎን መዝለልና በሁለት እግር ማረፍ፣ ሆድንና ወገብን የሚያጠነክሩ እንቅስቃሴዎች ይሥራ።

ከ6 ሳምንት በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድለት የመጀመሪያውን ቀን ውርወራ ከጎንና ከካቸሩ ጀርባ ሆነው ይቅረጹልኝ። የፊት እግሩ ባረፈበት ቅጽበት ያቁሙትና እጁ የት እንደደረሰ እዚሁ ይጻፉልኝ፤ የእጆቹን መለያየት ከዚያ እንቀጥላለን።